«ኤፍ» የተለጠፈበት ካሴት

ፒያሳ፣ ኅዳር 8 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለፈቀደ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ብርዱስ እንዴት አደረገህ? እኛ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን አልፎ አልፎ ይይዛታል። ሲይዛት ያንተን ስም ትጠራለች፣ ሲተዋት ደግሞ እኔን ትቆጣለች። እንግዲህ ደህና ናት ማለት ነው።

ሱቁን ማን ያዘው ብለህ ጠይቀሃል። እኔ ነኝ የያዝኩት፣ አትደንግጥ። ብሔራዊ ውትድርና ወስዶህ ወንበርህ ባዶ ሲቀር ጋሽ ደበሳይ ሌላ ሰው ሊቀጥሩ ነበር። ሙዚቃ ቤቱ ድረስ ሄጄ «ወንድሜ እስኪመለስ እኔ ልቀመጥበት» አልኳቸው። «አንቺ የምታውቂው ስፌት ነው፣ ካሴት መቅዳት ምኑን ታውቂዋለሽ?» አሉኝ። «ስፌትም ክር ነው፣ ካሴትም ክር ነው» አልኳቸው። ሳቁ። የሳቸው ሳቅ እሺ ማለት እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።

የአማርኛውን ለመድኩት። የፈረንጁ ነው የገደለኝ። ሰው ይመጣና «ያቺ እንዲህ የምትለዋን ቅጂልኝ» ብሎ ያፏጭልኛል። የዘፋኙን ስም እሱ አያውቅ፣ እኔ አላውቅ። ቢቸግረኝ ጋሽ ደበሳይ ያንተን አረንጓዴ ደብተር አወጡልኝ፤ የፈረንጁን ዘፈን ሁሉ በርዕሱ የመጀመሪያ ፊደል ከ«ኤ» እስከ «ዜድ» የደረደርክበትን። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ባቋርጥም ኤ ቢ ሲ ዲውን አልረሳሁትም። ርዕሱን ማንበብ ሲያቅተኝ የመጀመሪያዋን ፊደል አያለሁ፣ ቀጥሎ ቁጥሩን፣ ከዚያ መደርደሪያው ላይ እጄን እሰዳለሁ። እስካሁን ሁለት ሰው ብቻ ነው መልሶ ያመጣብኝ።

«በሳምንት አንድ ፊደል ስሚና የመሰለሽን ጻፊልኝ» ባልከኝ መሠረት ጀምሬያለሁ። ከ«ኤ» አራተኛውን ሰማሁ። ሰውየው መጀመሪያ ይለምናል፣ ቀጥሎ ይቆጣል፣ መጨረሻ ላይ ሰለቸው መሰለኝ ድምፁ እየራቀ እየራቀ ሄደ። ማሽኑ ተበላሸ ብዬ ጋሽ ደበሳይን ጠራኋቸው። «አልተበላሸም፣ ዘፈኑ የሚያልቀው እንደዚህ ነው» አሉኝ። ወይ ጉድ፣ ሰው እየዘፈነ ጥሎ ይሄዳል እንዴ? ከ«ቢ» ደግሞ የመጀመሪያውን ሰማሁት። ሴትዮዋ ጥሩ ድምፅ አላት፣ ምን እንዳስቸኮላት ግን አልገባኝም።

ካሴቶቹን እማማ ረሂማ ለልጃቸው ለኑሪ ስንቅ ሲልኩ እዚያው ውስጥ እከታቸዋለሁ። ራስ መኮንን ድልድይ ጋ ያለው ሱቃቸው እንደበፊቱ ነው። ኑሪን ሰላም በልልኝ። ከአንድ ሰፈር ወጥታችሁ አንድ ምሽግ ውስጥ መሆናችሁ እማዬን አጽናንቷታል።

እህትህ ሙሉነሽ


ሰሜን፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለእታለም ሙሉነሽ፤

እንዴት ሰነበትሽ? የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። የት እንዳለሁ ለጠየቅሽኝ አልመልስም፤ ደብዳቤያችን እየታየ እንደሚያልፍ ታውቂያለሽ። ደጋ ነው፣ ድንጋይ ይበዛዋል፣ ሌላው ይቅር። የተመደብኩት መድፍ ላይ ነው፤ ጥይት አቀባይ ነኝ። ኑሪም አብሮኝ ነው። እናቱ የላኩለትን በሶ ደብቆ ሊበላ ሲል ስለያዝነው ሰሞኑን አኩርፎናል።

ስለ «ኤ» አራተኛው የጻፍሽውን ለልጆቹ አነበብኩላቸው፣ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሰውየው ሰልችቶት አይደለም። ድምፁን እያሳነሱ የሚጨርሱት፣ ሰሚው ዘፈኑ የሆነ ቦታ እንደቀጠለ እንዲያስብ ነው። ሴትዮዋን ምን እንዳስቸኮላት ግን እኔም እስከዛሬ አላውቅም። ፋራ ናት የሚልሽ ካለ እንዳትሰሚው፣ እኔም በመጀመሪያው ቀን ያንቺኑ ነው ያልኩት።

ኑሪ ትንሿን ቴፕ ይዞ ስለመጣ የባትሪ ድንጋይ እስካለ ድረስ እንሰማለን። አንድ ነገር ልምከርሽ፦ ካሴት ሳትቀጂ በፊት ወረቀት አትለጥፊበት። መጀመሪያ ቅጂ፣ ከዚያ ስሚ፣ ከዚያ ለጥፊ። ጋሽ ደበሳይ ይህን መቶ ጊዜ ነግረውኝ ነው የገባኝ።

ወንበሬን ስለያዝሽልኝ ምን እንደምልሽ አላውቅም። ስመለስ የምፈልገው እሱን ነው። ከዚያ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም።

ወንድምሽ ፈቀደ


ፒያሳ፣ ጥር 6 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለፈቀደ፤

ገና እንዴት አለፈ? እኛ ዶሮ ነበረን፣ ግማሹን ጎረቤት በላው። እማዬ ያንተን ድርሻ ለይታ አስቀመጠችና በማግስቱ ራሷ በላችው። «ለሱ ብዬ ነው የበላሁት» አለች።

ወረቀቱን አልለጥፍም፣ ሰምቻለሁ። ምን ታካብዳለህ?

«ሲ» እና «ዲ»ን ጨርሻለሁ። «ሲ» የመጀመሪያው መግቢያው ላይ እንደ ቤተክርስቲያን ነገር የሚመስል ኦርጋን አለው፣ ተነስቼ ልቆም ምንም አልቀረኝም። ከ«ዲ» ሦስተኛውን ሁለት ጊዜ ሰማሁት። ለሁለተኛ ጊዜ የሰማሁት ለሥራ አይደለም፣ አንተም እንዳትስቅብኝ። አንድ ቃል አልገባኝም፣ ግን ደንበኛ ባይገባ ሦስተኛም እሰማው ነበር። ሁለቱም በእማማ ረሂማ እሽግ ውስጥ ናቸው።

ሙሉነሽ


ሰሜን፣ የካቲት 9 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለእታለም፤

ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። ጥር መጨረሻ ላይ ሥራ በዝቶብን ነበር። ደህና ነኝ። ኑሪም ደህና ነው።

ካሴቶቹ ደርሰውኛል። «ዲ» ሦስተኛውን ስለወደድሽው ደስ ብሎኛል። ከእንግዲህ ስትጽፊልኝ አታሳጥሪው። ምን እንደሚቀድም፣ ጊታሩ የት እንደሚነሳ፣ ከበሮው የት እንደሚያርፍ፣ ሁሉንም ጻፊው። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ፣ ማንበቡ ደስ ይለኛል።

እማዬን ሳሚልኝ።

ፈቀደ


ፒያሳ፣ መጋቢት 3 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለፈቀደ፤

ከመቼ ወዲህ ነው አንተ ደብዳቤ በግማሽ ገጽ የምትጨርሰው? እማዬ «ገጹን ገልብጪው እስቲ፣ ከኋላም ይኖረዋል» አለችኝ። ገለበጥኩት፣ የለውም። ከራሴ ጨምሬ አነበብኩላት፣ ለወደፊቱ እንዳታስዋሸኝ።

«ኢ» ውስጥ የሚረባ አላገኘሁም፣ አልፌዋለሁ። «ኤፍ» ሁለተኛው ግን ይኸው፣ እንዳዘዝከኝ በሙሉ። መጀመሪያ አንድ ጊታር ብቻውን ነው፣ ቀስ ይላል፣ በር ላይ ቆሞ ልግባ አልግባ የሚል ሰው ይመስላል። ከዚያ ሰውየው ይገባል፣ ድምፁ ሻካራ ነው። ከበሮው የሚመጣው ዘግይቶ ነው፤ አሁን መጣ አሁን መጣ ስትል ትቆይና ረስተኸው እያለ ይመጣል። መሃል ላይ ሰውየው ዝም ይልና ጊታሩ ብቻውን ይነሳል። እዚያ ላይ መቀስ ይዤ ነበር፣ አስቀመጥኩት። ፈረንጅ እንዲህ እንደሚያዝን አላውቅም ነበር።

ሌላም ወሬ አለኝ። ሰሞኑን እማዬን ሱቅ አምጥቼ ድምጿን ቀዳሁልህ። ማይኩን ፊቷ አስቀምጬ «ለፈቀደ የምትፈልጊውን ንገሪው፣ ሲደርሰው ይሰማዋል» አልኳት። ስልክ መሰላት። ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ጉልበቷ፣ አዲስ ስለገዛቻት ዶሮ፣ ከቀበሌ ስብሰባ እንዴት እንደቀረች ነገረችህ። መጨረሻ ላይ «ፈቄ» ብላ ጠራችህና ዝም ብላ ጠበቀች። እንደገና «ፈቄ» አለች። «እማዬ፣ አሁን አይመልስም እኮ» ብላት በእጇ ዝም በይ አለችኝ። ሦስተኛ ጠራችህና «አቤት አይልም እንዴ ይሄ ልጅ?» አለች። ጋሽ ደበሳይ መነጽራቸውን እየጠረጉ ወደ ደጅ ወጡ። ለፋሲካ እንዲደርስህ አስቀምጬዋለሁ። ለዛሬው «ኤፍ»ን ላኩልህ።

ሙሉነሽ


ሰሜን፣ መጋቢት 27 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለእታለም፤

«ኤፍ» በደህና ገብቶልኛል። አመሰግናለሁ። እንዳልሽው ነው፣ መሃል ላይ ጊታሩ ብቻውን ሲነሳ ፀጉሬ ቆመ። ኑሪን «ዝም ብለህ ስማ» አልኩት። ከአዲስ አበባ ከወጣሁ ወዲህ እንደዚህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አቀዳድሽም ጥሩ ነው፣ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። እኔን ልትበልጪ ነው።

የእማዬን እጠብቃለሁ። ስለኔ አታስቡ።

ፈቀደ


ፒያሳ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1978 ዓ.ም.

ፈቀደ፤

ሰላምታውን ለሌላ ቀን አቆየሁት።

የእማዬን ካሴት ልልክልህ ሳወጣው «ደህና ተናግሬ እንደሆን መጀመሪያ ልስማው» አለች። ማሽኑ ላይ ከተትኩት። ጊታር ወጣ። እማዬ «ይሄ ደግሞ ማነው?» ብላ ነጠላዋን ሰበሰበች። ቀጠለ፣ ሰውየው ሻካራ ድምፁን ይዞ ገባ። «ኤፍ» ሁለተኛው ነው።

ጥፋቱ የኔ ነው። የዚያን ቀን ጠዋት ሥራ እንዲቀለኝ ብዬ ባዶ ካሴቶቹ ላይ ወረቀት ቀድሜ ለጥፌ ነበር። አዎ፣ አትለጥፊ ያልከኝን ነው። እማዬ ስትመጣ ተጣድፌ «ኤፍ» የተለጠፈበት ላይ እሷን ቀዳኋት፣ የሷ ላይ ደግሞ ዘፈኑን። ሳልሰማ ላክሁት። አንተ እጅ የገባችው እማዬ ናት።

አንተ ግን ጊታሩ ሲነሳ ፀጉሬ ቆመ ብለህ ጻፍክልኝ። ፈቀደ፣ እዚያ ካሴት ላይ ጊታር የለም። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ያለችው እናትህ ናት።

ሁለት ነገር አሰብኩ። አንዱን መጻፍ ይከብደኛል፣ ግን እጽፈዋለሁ። ወንድሜ የለም፣ በስሙ የሚጽፍልን ሌላ ሰው ነው አልኩ። የድሮዎቹን ደብዳቤዎች ከአዲሶቹ ጋር ባንኮኒው ላይ ዘርግቼ ፊደል በፊደል አስተያየኋቸው። ያንተው እጅ ነው። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ቁጭ አልኩ። ግን ሁለተኛው አልመለስ አለኝ። የእናቱን ድምፅ ሰምቶ ምንም ሳይል የሚያልፍ ልጅ እኛ ቤት አልተወለደም።

እማዬ ካሴቱ እንደደረሰህ አውቃ ምን አለ እያለች ነው። አለቀሰ አልኳት። በኔ ውሸት ላይ ሌላ ውሸት እንዳትጨምርብኝ እለምንሃለሁ። ምን ሆነሃል?

ሙሉነሽ


ሰሜን፣ ግንቦት 2 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለእታለም፤

አፈርኩ። እውነቱን ልንገርሽ፤ የባትሪ ድንጋይ ካለቀብን ሁለት ወር አልፎናል። ካሴቶቹ ሻንጣዬ ውስጥ ተቀምጠዋል። ደክመሽ ቀድተሽ ልከሽልኝ አልሰማሁትም ማለት ከብዶኝ ከደብተሩ በቃሌ የማውቀውን ጻፍኩልሽ። ሌላ ነገር የለም። ድንጋይ ሳገኝ እማዬን እሰማታለሁ። እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ።

ፈቀደ


ፒያሳ፣ ግንቦት 20 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለፈቀደ፤

እንኳን አብሮ አደረሰን። አራት የባትሪ ድንጋይ ልኬልሃለሁ፣ እማማ ረሂማ ከሱቃቸው ነው የሰጡኝ።

አሁን ስማኝ። ሳሙና ሲያልቅባችሁ ትጽፋለህ። ምላጭ ሲያልቅ ትጽፋለህ። ኑሪ የጫማ ክር ሲበጠስበት ሳይቀር ጽፈህልኛል። ሁለት ወር ሙሉ ድንጋይ ብቻ ሳትጠይቅ የቀረኸው ለምንድነው? አራዳ ነኝ ብለህ እኔን በቀላሉ የምትሸውደኝ መስሎሃል።

ይኸው ድንጋይ። ካሴቱ እጅህ ላይ ነው። እማዬ አዲሷን ዶሮ ምን የሚል ስም እንዳወጣችላት ካሴቱ ላይ ተናግራለች። ስሟን ጻፍልኝና ሁለተኛ አልጠይቅህም።

ሙሉነሽ


ሰሜን፣ ሰኔ 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለእታለም፤

ይህን የምልከው በፖስታ አይደለም፣ ስንቅ በሚያመላልሰው ሹፌር እጅ ነው። ካነበብሽው በኋላ ቅደጂው።

የዶሮዋን ስም እንዲነግረኝ ኑሪን ለመንኩት። ድንጋዩን ከትቶ፣ ካሴቱን ሰምቶ ሊነግረኝ ይችል ነበር። እምቢ አለኝ። «ከዚህ በኋላ ለሙሉነሽ አልዋሽልህም» ብሎ ወረቀት ላይ ጻፈልኝ። አዎ፣ ወረቀት ላይ። እታለም፣ እኔ አልሰማም።

ጥር 21 ቀን ነው። አጠገባችን የመድፍ ጥይት ወደቀ። ሰውነቴ ላይ አንድ ጭረት የለም። ስነሳ የሰዉ አፍ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ዘፈኑ አልቆ ባዶው ክር ሲዞር የሚሰማ ሽሽሽ የሚል ድምፅ አለ አይደል? የቀረኝ እሱ ብቻ ነው፣ አያቋርጥም።

ሐኪም ጋ ለምን አልሄድክም ትይኛለሽ። ከኔ በፊት ሁለት ልጆች አንሰማም ብለው ሲያስመስሉ ተይዘው በጣም ተቀጥተዋል። አዛዡ ሦስተኛ ከመጣ አልምረውም ብሏል። ስለዚህ ኑሪ ጆሮ ሆነኝ። ሲጠሩኝ ትከሻዬን ይነካኛል። ትእዛዝ ሲመጣ በጣቱ መዳፌ ላይ ይጽፍልኛል። እንዲህ አድርገን አምስት ወር ገፋን። ባለፈው ሳምንት ግን ውሃ ቀድቼ ስመለስ ጠባቂው «ቁም፣ ማነህ?» ብሎ ሦስት ጊዜ ጮኸብኝ አሉ። እኔ ጀሪካኔን ተሸክሜ ቀጥ ብዬ መጣሁ። ኑሪ ሮጦ ከፊቴ ባይቆም ኖሮ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልሽ አልነበረም።

ዘፈኖቹን በሙሉ በፊደል ተራ በቃሌ ስለማውቃቸው አንቺ «ኤፍ ሁለተኛው» ስትይኝ ጭንቅላቴ ውስጥ ይጀምርልኛል። የጻፍኩልሽ ሁሉ ከዚያ ነው። እነሱ እስካሉ ድረስ ደህና ነኝ እል ነበር። አሁን መጥፋት ጀምረዋል። ቤተክርስቲያን መሰለኝ ያልሽው የ«ሲ» መግቢያ ጠፋብኝ። ሦስት ቀን ፈለግኩት፣ የለም። እታለም፣ እሱ ከመድፉ በላይ አስፈራኝ። ሙዚቃ ቤት ውስጥ ደንቆሮ ሰው ምን ይሠራል?

ለእማዬ እንዳትነግሪያት።

ፈቀደ


ፒያሳ፣ ሰኔ 28 ቀን 1978 ዓ.ም.

ፈቄ፤

አነበብኩት። ባንኮኒው ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ተነሳሁና ተናደድኩብህ። አሁንም እንደተናደድኩ ነው። ደብዳቤውን አልቀደድኩትም፣ ጡቴ ሥር ነው ያለው።

ኑሪ ሁልጊዜ ከፊትህ ሊቆም ነው? ሲታመምስ? ሌላ ቦታ ሲመድቡትስ? እማማ ረሂማ በየሳምንቱ ሻይ አስፈልተው «ልጆቻችን ደህና ናቸው» እያሉ ይቀበሉኛል። ልጃቸው አንተን ሊያድን ሲል ቢሞት እኔ በዚያ ድልድይ ላይ በምን ዓይኔ አልፋለሁ? ቅጣቱን ፈርተህ ነው። የተቀጣ ሰው ቤቱ ይመለሳል። ጥሪ ያልሰማ ሰው ግን አይመለስም። ይህ ደብዳቤ በደረሰህ ቀን ሐኪሙ ጋ ሂድ። ነገ አይደለም፣ በዚያው ቀን። በእማዬ ጉልበት ይዤሃለሁ።

ስለ ሥራህ ደግሞ ለጋሽ ደበሳይ ነገርኳቸው፣ ለሳቸው ብቻ። ከዚያ ማሽኑ ላይ ያሉትን ሁለት መርፌዎች አሳዩኝ፤ ዘፈኑ ሲጮህ የሚነሱትን፣ ሲቀንስ የሚወርዱትን። «እኔ ካሴት የምቀዳው በዓይኔ ነው። መርፌዋ ቀዩን እንዳትነካ ማየት ነው ሥራው። ጆሮዬንማ ለደንበኛ ወሬ ነው የማውለው» አሉኝ። «ወንበሩ የሱ ነው፣ ጻፊለት» አሉኝ። ጽፌልሃለሁ።

ሙሉነሽ


ከሆስፒታል፣ ሐምሌ 24 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለእታለም ሙሉነሽ፤

በመጀመሪያ እፎይ በይ። አልጋ ላይ ነኝ፣ አንሶላ አለው፣ ከምሽጉ ወጥቻለሁ። የቀረውን ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ቀን ሄድኩ። ኑሪም አልለይህም ብሎ አብሮኝ መጣ። ሐኪሙ ሻምበል ገብረዮሐንስ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ከኋላዬ አጨበጨቡ፣ የብረት ሳህን ጣሉ አሉ። አልዞርኩም። ወረቀት ላይ «ይህን ሁሉም ሰው ይለማመደዋል» ብለው ጻፉልኝ። አዛዡ በሩ ላይ ቆሟል። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ።

ከዚያ ኑሪ አንድ ነገር አላቸው። ምን እንዳላቸው ያወቅሁት በኋላ ነው። ሐኪሙ ቅጽ ሰጥተውኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አድርጌ እንድሞላ አዘዙኝ። ስሜን፣ የአባቴን ስም፣ የትውልድ ቦታዬን፣ የገባሁበትን ቀን ጻፍኩ። ሁለት ገጽ ነበር፣ ጽሑፌን አሳምሬ ነው የሞላሁት። ጨርሼ ዞር ስል ነርሷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች። ኑሪ መሬት መሬት ያያል። አዛዡ በሩ ላይ የለም። ሰው ሞተ ብዬ ደነገጥኩ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ትንሿን ቴፕ አየኋት፣ ትዞራለች። ከኋላዬ እማዬን ከፍተው ነበር።

ሦስቴ ስትጠራኝ እኔ የትውልድ ቦታዬን እየጻፍኩ ነበር አለኝ ኑሪ። አራዳ ብዬ ስጽፍ።

ሐኪሙ ወረቀቱን ወሰዱ። «ማንም ልጅ ይህን ሰምቶ ማስመሰል አይችልም» ብለው ጻፉ። ከሥሩ «በሚቀጥለው መኪና ትወርዳለህ» አሉ። ከሥሩ ደግሞ ማኅተም መቱበት። ማኅተሙን ሳይ ነው ያለቀስኩት፣ ለማንም እንዳታወሪብኝ።

እዚህ ከመጣሁ በኋላ ሌላ ሐኪም አይቶኛል። ቀኙ አይመለስም፣ ግራው ግን ጥቂት የመስማት አቅም ቀርቶታል፣ ይጨምራል ብሎኛል። ትናንት ነርሷ ግራ ጆሮዬ ላይ ተጠግታ ስትጮህ የሆነ ነገር ሰማሁ፣ ሩቅ፣ እንደ ጉም። ምን እንዳለችኝ አላውቅም፣ ግን ተናግራለች። ከወታደርነት ተሰናብተሃል የሚል ወረቀት ተሰጥቶኛል። ነሐሴ 22 ቀን ቁስለኛ ከሚያወርደው መኪና ጋር አዲስ አበባ እገባለሁ።

ኑሪ ወደ ምሽጉ ተመልሷል። ስንለያይ መዳፌ ላይ ስሙን ጻፈልኝ። ሌላ ምን ልጻፍልህ ብሎ ነው መሰለኝ። እናቱ ጋ ሂጂልኝ።

አሁን ለእማዬ ንገሪያት። እኔ መጻፍ አልቻልኩም።

ወንድምሽ ፈቀደ


ፒያሳ፣ ነሐሴ 10 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለፈቀደ፤

ጤናህ እንዴት ነው? አንሶላውስ? ደብዳቤህን ሱቅ ውስጥ ቆሜ አነበብኩትና ደንበኛው የጠየቀኝን ትቼ የ«ዲ»ን ቀዳሁለት። ሰውየው ወደድኩት ብሎ ወሰደው።

እማማ ረሂማ ጋ ሄድኩ። ልጃቸው ያደረገውን ሁሉ ነገርኳቸው፣ ውሃውንም፣ ጠባቂውንም። አለቀሱ፣ ቀጥሎ «ባያደርገው ነበር የምጣላው» አሉኝ። እሱ እስኪመለስ ሐሙስ ሐሙስ አብሬያቸው እቀመጣለሁ፣ ደብዳቤውንም አነብላቸዋለሁ። ደስታዬ የሚጎድለው በዚህ በኩል ብቻ ነው።

እማዬን እንዴት አድርጌ እንደምነግራት ሳወጣ ሳወርድ ሁለት ቀን ዋልኩ። በመጨረሻ ቁጭ አድርጌ ነገርኳት፣ ከጥሩው ጀመርኩ፣ ወደ ክፉው ሄድኩ። «ከጦሩ ወጥቷል፣ ነሐሴ 22 ይገባል» አልኳት። እልል አለች፣ ጎረቤት ሰማ። «ግን እማዬ፣ ጆሮው አይሰማም» አልኳት። እኔ የምትወድቅ መስሎኝ ተጠጋኋት።

«ስንት ዓመቱ ነበር አፍ ሲፈታ?» አለችኝ።

«ማን?»

«ወንድምሽ ነዋ። ሦስት ዓመቱ ነበር። ሰው ሁሉ ዲዳ ነው ሲለኝ እኔ በእጄና በዓይኔ እያናገርኩ አሳደግሁት። ሲርበው አውቅ ነበር፣ ሲያመው አውቅ ነበር። አሁን ምን ይከብደኛል? ይምጣልኝ ብቻ» አለችና ቤቱን መጥረግ ጀመረች። በጉልበቷ ተንበርክካ ነው የምትጠርገው፣ ተይ ብላት አልሰማ አለችኝ።

ጋሽ ደበሳይ ማሽኑን ወደ ብርሃኑ አዙረውታል፣ መርፌዋ በደንብ እንድትታይህ። ከ«ጂ» ጀምሮ ያለውን አልነካሁትም። አንተ ትቀዳለህ፣ እኔ እሰማለሁ፣ የሰማሁትን እጽፍልሃለሁ። ያ የጠፋብህን የ«ሲ»ን መግቢያ ደግሞ ዛሬውኑ ጽፌ ጨርሻለሁ፣ አራት ገጽ ሆኗል፣ ስትመጣ ታነበዋለህ።

የዚያን ቀን መኪናው የሚቆምበት ሰው ይበዛል፣ ሁሉም የልጁን ስም እየጠራ ይጮሃል። እኔ አልጠራህም። ሰዉን ጥሼ መጥቼ እጅጌህን ነው የምይዘው። ዞር ስትል እማዬና እኔ ነን።

እህትህ ሙሉነሽ